የጋምቤላው ቶምና የቤተ መዘክር ጥያቄ

የሙዚቃ መሣሪያ ቤተ መዘክር ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ክራር፥ ከሥሩም ስሙን የሚናገር ትንሽ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለው አቀማመጥ መሣሪያውን ከብልና ከአቧራ ያድነው ይሆናል፤ ማን እንደ ሠራው፥ በምን እንደ ሠራው፥ እንዴትስ እንደ ቃኘው ግን አይነግረንም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይህን ጉድለት ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም የጋምቤላ አኙዋኮች የሚጫወቱትን ቶም ነው።

ቶምን ያላዩ አንባቢዎች ብዙ ስለሚሆኑ አስቀድመን አሠራሩን እንግለጽ። ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ላይ ቀጫጭን ምላሶች ተደርድረው በአግዳሚ ይጠፈራሉ። የምላሶቹ አንድ ጫፍ ነፃ ስለ ሆነ ተጫዋቹ ሣጥኑን በሁለት እጁ ይዞ በአውራ ጣቶቹ ጫን አድርጎ ሲለቃቸው ይርገበገባሉ፤ ሣጥኑም ድምፁን ያጎላዋል። ረጅሙ ምላስ ወፍራም፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ለመቃኘት እንደ ክራር ጅማት ማክረር የለም፤ ምላሱን ከአግዳሚው ሥር ትንሽ ወደ ፊት ገፋ፥ ወይም ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው። ጥቂት መንቀሳቀስ ድምፁን ይለውጠዋል። እንግዲህ ቅኝቱ ያለው በእንጨቱ ውስጥ ሳይሆን በሠሪውና በተጫዋቹ ጆሮ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንድ የዕቃ ቤት ሠራተኛ አቧራ ሲያራግፍ ምላሶቹን ቢነካካቸው ቅኝቱ ይጠፋል፤ ማንም ሳያውቅ ጠፍቶ ይቀራል።

ይህ ዓይነት መሣሪያ በመካከለኛውና በደቡብ አፍሪካ በብዙ ስም ይታወቃል፤ የዚምባብዌ ሾናዎች ምቢራ ይሉታል። ቶም የሚለው ስም ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። የአኙዋኮች የቋንቋ ዘመዶች በሆኑት በኬንያ ሉዎዎች ዘንድ ‹ቱም› ማለት ሙዚቃ ሲሆን፥ ንያቲቲ የተባለው ክራር መሰል መሣሪያም በዚሁ ስም ይጠራል። በአንዱ ወገን ባለ ጅማቱ፥ በሌላው ወገን ባለ ምላሱ ስሙን ይዞታል። ስለዚህ በቤተ መዘክር ወረቀት ላይ ‹ቶም› ብሎ ብቻ መጻፍ ከሚታወቀው ሁሉ ጥቂቱን መናገር ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። ቡዚ ኤንድ ሆክስ የተባለው ኩባንያ በለንደን አጠገብ በኤጅዌር የናስና የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረው፤ በዚያውም የራሱን ቤተ መዘክር አቋቁሞ ነበር። የፋብሪካው ሥራ ካበቃ በኋላ ስብስቡ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ሆርኒማን ቤተ መዘክር ተዛወረ። የኩባንያው የሥራ መዝገቦችም እዚያው ይጠበቃሉ። እኛን የሚያስቀናን ከቀንደ መለከቶቹ ይልቅ እነዚህ መዝገቦች ናቸው። መሣሪያው ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በመዝገብ ይገኛል፤ ተመራማሪው ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው ሊደርስ ይችላል። የእኛ ሠሪ ግን ፋብሪካውም መዝገቡም እርሱ ራሱ ነው፤ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይዘጋሉ።

የሚገርመው ከዚሁ ከሆርኒማን የሙዚቃ መሣሪያዎች ክፍል ኃላፊዋ ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አገራችን መጥታ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እየተዘዋወረች ድምፅ መቅዳቷ ነው። ዕቃ መሰብሰብ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷት ነበር። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፥ ቤተ መዘክሩም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከሥዕሎቹ ጋራ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ይዞ ለሕዝብ ማሳየቱ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቤት የአገሩን ሁሉ ሠሪዎች ሊከተል አይችልም።

በነገራችን ላይ የፋብሪካ መሣሪያ ወደ አገራችን ሲገባ አቀባበሉ የተለየ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አርባዎቹ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው የናስ ባንድ ሲሆኑ፥ ታሪካቸው እስከ ዛሬ ይተረካል። የቶም ሠሪ ስም የሚያውቅ ከመካከላችን ማን ነው?

በጋምቤላ ከተማ ቢቋቋም የምንመኘው ቤተ መዘክር እንግዲህ ከዕቃው በፊት ሥራውን የሚይዝ ነው። ያለቀውን ቶም ብቻ ሳይሆን በግማሽ የተጠረበውን፥ የተሰነጠቀውን፥ መጥረቢያውንና መሮውን ያኑር። እያንዳንዱ ምላስ ገና በሠሪው ቅኝት ላይ ሳለ ድምፁ ይቀዳ፤ የምላሶቹ ርዝመት ይለካ፤ ክፍሎቹ በአኙዋክኛ ይሰየሙ፤ የሠሪው ስምና መንደር ይጻፍ። ብረቱ ከየት መጣ የሚለውም መጠየቅ አለበት። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ ወዲህ፥ ጋምቤላ በክረምት ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች የሚደርሱበት፥ ቡናም የሚጫንበት ወደብ ሆና ኖራለች። የአንድ ቶም ምላስ የዚህ ንግድ ምስክር ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም።

ሕጉስ ቢሆን አይከለክለንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይዳሰሰውንም ቅርስ ይጨምራል፤ አገራችንም የዩኔስኮን የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች። የጎደለው ሰው ነው። ከጋምቤላ የመጡ ጓደኞቻችን ክረምት አገራቸው ሲገቡ፥ በእጃቸው ያለው ስልክ ጄንኪንስ ተሸክማው ከዞረችው መቅጃ ይቀላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኙዋኮች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንደምናነበው፥ የመንደር አለቃ ከበሮ የሥልጣን ምልክት ጭምር ነበር። ቶም ሠሪው ሁለተኛ ቶም ሊሠራልን ይችላል። እንዲህ ያለው ከበሮ ግን ወደ መስተዋት ሣጥን ይግባ ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ቤተ መዘክሩ ሳይሆን መንደሩ ነው፤ ከመቅጃው በፊት መቅረብ ያለበትም ይህ ጥያቄ ነው።