ዲጄው ሠርቶ ሳይከፈለው ሲቀር

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ላውንጅ ዘወትር ዓርብና ቅዳሜ ማታ በዲጄነት እሠራለሁ። የተስማማነው በቃል ነው፤ ክፍያው በየወሩ መጨረሻ በቴሌብር ይገባልኝ ነበር። ያለፉት ሁለት ወራት ግን አልተከፈለኝም። ስጠይቅ ባለቤቱ «ምን ውል አለን? ቤቱ ስም ሰጥቶሃል» ይለኛል። በሌላ በኩል አንድ ሠርግ ላይ ሠርቼ ቀሪ ሒሳቤን አላገኘሁም። የሠርጉ አዘጋጅ «ባለ ሠርጎቹ ሲከፍሉኝ እከፍልሃለሁ» እያለ ያመላልሰኛል። መብቴ ምንድን ነው? ለዲጄ ስንት ይከፈል የሚል ሕግስ አለ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። ለዲጄ ተመን ያወጣ ሕግ የለም። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም እስካሁን የለም። ስለዚህ የዋጋው ልክ የሚወሰነው በስምምነት ነው። ዋጋ ሲነጋገሩ ሰዓቱንም አብረው ይነጋገሩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተብሎ የተጀመረ ሥራ እስከ 9 ሰዓት ሲጎተት፣ ጭቅጭቁ የሚነሳው የተጨማሪው ሰዓት ሒሳብ ቀድሞ ስላልተነገረ ነው። ስፒከርና ሚክሰሩን ማን ያመጣል፣ የመጓጓዣውን ማን ይችላል፣ ይህም ሁሉ የዋጋው አካል ነው።

«ስም ታገኛለህ» የሚለውን በተመለከተ፣ ሰው ወዶ በነፃ ለመሥራት ከተስማማ ሕግ አይከለክለውም። በክፍያ የተጀመረውን ሥራ ግን ካለቀ በኋላ አንዱ ወገን ብቻውን ወደ ነፃ አገልግሎት ሊለውጠው አይችልም። የላውንጁ ባለቤት ለወራት በቴሌብር ሲከፍል ኖሯል። የከፈለበት ታሪክ ራሱ ሥራው በክፍያ እንደነበር ይመሰክርበታል።

«ውል የለንም» ማለቱም አያዋጣውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1719 በልዩ አጻጻፍ እንዲደረግ ካልታዘዘ በቀር ውል በማናቸውም መንገድ ሊደረግ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ የቃል ስምምነት ውል ነው። ብዙ ሰው «ወረቀት ከሌለህ ፍርድ ቤት አይሰማህም» ሲባል የሰማው ከብድር ሕግ የመጣ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም የሚለው ቁጥር 2472 ለብድር ብቻ የተጻፈ ነው። እርስዎ ብድር አልሰጡም፤ ጉልበትዎንና ሙያዎን ነው የሰጡት። ስለዚህ በምስክርም፣ በሰነድም ማስረዳት ይችላሉ። የቴሌግራም መልእክትና የቴሌብር ማረጋገጫም ቢሆን ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ይጠብቀዋል። ስምዎ የተጻፈበት የላውንጁ ፖስተር፣ የአስተናጋጆቹና የጥበቃው ምስክርነት ተጨምሮበት ጥሩ ክስ ይሆናል። መልእክቶቹን ዛሬውኑ ፎቶ አንሥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ የተላከም ይሰረዛል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ላውንጁ ውስጥ እርስዎ ምንድን ነዎት? ሠራተኛ ወይስ በራሱ ኃላፊነት አገልግሎት የሚሸጥ ባለሙያ? የሚያገኙት መብትም፣ ክስ የሚያቀርቡበት ጊዜም በዚህ ይለያያል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚለው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት የሚሠራውን ነው። በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ግን ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቅዎትን አሁኑኑ ራስዎን ይጠይቁ። የመግቢያና የመውጫ ሰዓትዎን የሚወስነው ማን ነው? መሣሪያው የማን ነው? ሲቀሩ ይቆረጥብዎታል? በእርስዎ ፈንታ ሌላ ዲጄ መላክ ይችላሉ? ምን ዓይነት ሙዚቃ መቼ እንደሚገባ የሚያዝዎት አለ? ሰዓቱን ቤቱ ወስኖ፣ መሣሪያው የቤቱ ሆኖ፣ በየወሩ የተቆረጠ ክፍያ የሚያገኙ ከሆነ በእኔ እምነት ሠራተኛ ነዎት። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሥራትዎ ይህን አያስቀርም። የራሱን መሣሪያ ጭኖ የሚመጣ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚሠራ፣ ሲያመው ጓደኛውን የሚልክ ዲጄ ግን በውል ሕግ ነው የሚዳኘው።

ሠራተኛ ከሆኑ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ውሉን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባ ነበር፤ አለመስጠቱ እርስዎን መብት አያሳጣዎትም። ያለ ሕግ ድጋፍ ወይም ያለ እርስዎ የጽሑፍ ስምምነት «ሚክሰሩን አበላሸህ» ብሎ ከደመወዝዎ መቁረጥ አይችልም። ለመሥራት ተዘጋጅተው መጥተው መብራት ጠፍቶ ቤቱ ቢዘጋ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ስላልሆነ የዕለቱ ደመወዝ ይገባዎታል። በሕዝብ በዓል ቀን ለሠሩት እያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ሊከፈልዎ ይገባል፤ በገና፣ በትንሣኤ፣ በእንቁጣጣሽ ማታ የሠሩበትን ያስሉት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የሌሊት ሥራ በመሆኑ ብቻ ተጨማሪ አያስገኝም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 የሚታሰበው ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለሠሩት ትርፍ ሰዓት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። «ይከፍለኛል፣ ግንኙነታችን አይበላሽ» እያለ የሚጠብቅ ወጣት ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ከሥራ ያባርረኛል የሚል ፍርሃት ካለብዎ፣ አቤቱታ ማቅረብዎ ወይም መክሰስዎ የማሰናበቻ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ በግልጽ ይደነግጋል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው ያለው።

ወደ ሠርጉ እንሂድ። የተስማሙት ከአዘጋጁ ጋር ከሆነና አዘጋጁ በራሱ ስም ካናገረዎ ባለ ዕዳዎ እሱ ነው። ባለ ሠርጎቹ ለእሱ አለመክፈላቸው በእሱና በእነሱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው። «በእነሱ ወኪልነት ነው የምዋዋልህ» ብሎ የባለ ሠርጎቹን ስም ጠርቶ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ክሱ ወደ እነሱ ይዞራል። በስልክ የተባለው ካልተመዘገበ፣ ቀብዱን የላከው ማን እንደሆነ ይመልከቱ።

ቀብድን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ ሙያ ላሉ ሁሉ አንድ ነገር ማሳወቅ እፈልጋለሁ። ቀብድ መቀበል ውሉ መደረጉን ያረጋግጣል፤ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፣ ተቀባዩ ደግሞ እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል። 20,000 ብር ተስማምተው 5,000 ቀብድ ቢቀበሉ፣ ባለ ሠርጉ ከሠርጉ በፊት ሐሳቡን ቢለውጥ 5,000ው ለእርስዎ ይቀራል። በዚያው ቀን የተሻለ ሥራ አግኝተው እርስዎ ቢተዉት ግን 10,000 መመለስ አለብዎ። በግንቦትና በጥር፣ ሠርግ በሚበዛበት ወር፣ ሁለት ቀጠሮ በአንድ ቀን የሚይዝ ዲጄ ይህን ማወቅ አለበት። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ግን ቀብዱን ትቼ ቀሪውን አልከፍልም ማለት ለማንም አይቻልም።

ለአዘጋጁ አሁኑኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላኩ፤ የሥራውን ቀን፣ የተስማሙበትን ዋጋ፣ የተከፈለውንና የቀረውን፣ የመክፈያ ቀነ ገደቡን ይጻፉበት። ማስጠንቀቂያው ከደረሰው በኋላ በሕጉ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በመደበኛው 10 ዓመት የይርጋ ጊዜ አለው፤ ምስክሮችዎ ግን ያን ያህል አይቆዩልዎትም። ለወደፊቱ ዋጋው በቁጥር የተገለጸ የተፈረመ ጽሑፍ ከያዙ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይችላሉ፤ በዚህ መንገድ ተከሳሹ ለመከራከር መጀመሪያ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ አቤቱታ አያጣምሯቸው። የላውንጁ የሚቀርበው ለሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የሠርጉ የሚቀርበው ለፍትሐ ብሔር ችሎት ሲሆን እንደ ገንዘቡ መጠን የዳኝነት ይከፈልበታል። 6 ወሩ እየሄደብዎ ነውና የላውንጁን ያስቀድሙ።