ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ አካሄድና አቀማመጥ

ወደ ሰው ቤት በእንግድነት የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱን ሥርዐት ይመለከታል። እሳቱ እንዴት እንደሚነድ፥ ውኃው ከወዴት እንደሚቀዳ፥ ጥራጊው የት እንደሚደፋ ሳይጠይቅ እንደ ገዛ ቤቱ ቢያደርግ፥ ባለቤቱ ስለ ይሉኝታ ዝም ቢለውም እንኳ እንግድነቱ ሸክም ሆኗል። ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ተማሪም እንዲሁ እንግዳ ነው። እርሱ ግን የሚከብደው በአስተናጋጁ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰው ሁሉ በጋራ በሚተነፍሰው አየር ላይ ጭምር ስለ ሆነ፥ ጥንቃቄው ከአገሩ ሳይነሣ ይዠምራል።

መዠመሪያ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «የምሻው ትምህርት በአገሬ የለምን?» ብሎ ነው። ደን ማልማትን መማር የሚወድ ሰው፥ በወንዶ ገነት ከ1978 ዓ.ም. ዠምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ለዚሁ የቆመ ትምህርት ቤት ሳለለት፥ ለመሠረተ ትምህርቱ ባሕር ቢሻገር ድካሙ ትርፍ ነው። በአገሩ የሌለውን ዕውቀት ሊፈልግ የሚሄድ ግን የሚነቀፍበት ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ የመንገዱ ነገር ይመጣል፤ ትልቁ ሸክም ያለው በዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከሚባለው ከተማ እስኪደርሱ ያለው የአየር መንገድ ከ5 ሺሕ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አይሮፕላን በዚህ መንገድ ሲበር የሚያቃጥለው ዘይት ከምድር ሆድ የወጣ ነው፤ ሲነድም በውስጡ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይሆናል። አንድ ኪሎ ዘይት ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን የሰማ ተማሪ «አንዱ እንዴት ሦስት ይሆናል?» ብሎ ይደነቅ ይሆናል፤ ትርፉ ክብደት ከአየር የተወሰደው ኦክሲጅን ነው እንጂ ተአምር አይደለም። ጋዙም ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቷ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ዝናም ጊዜውን ሲስት፥ ድርቅና ጐርፍ ሲበረታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የዝናሙን መሳት ደግሞ ከገበሬ ልጅ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

የአይሮፕላኑ ጋዝ ለተሳፋሪው ሁሉ ቢካፈል፥ ለመሄድና ለመመለስ ለአንድ ሰው ብዙ መቶ ኪሎ ይደርሰዋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በዓመት ከመኪናው፥ ከፋብሪካውና ከሚያነደው የምድር ዘይት ሁሉ የሚያወጣው ጋዝ ግን ለያንዳንዱ ሰው ቢካፈል 200 ኪሎ አይሞላም። እንግዲህ አንድ ተማሪ ደርሶ ሲመለስ፥ በመንደር የቀረ ወንድሙ በብዙ ዓመት የማያወጣውን እርሱ በሁለት ቀን አወጣ ማለት ነው። ብዙ ያቃጠሉት አገሮች ጥቂት ያቃጠለውን አገር ልጅ «አትምጣ» ሊሉት አይገባቸውም፤ ሒሳቡ ግን የሰውን ድኽነት አይቶ አይምርም።

ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጊዜ ሄዶ ብዙ ይቀመጣል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1896 ከሆነው ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩስያ ሄደው፥ ለብዙ ዓመታት በዚያው ተቀምጠው ተማሩ። ያን ጊዜ ይህን ያደረገው የመንገዱ ርዝመት እንጂ የአየሩ ነገር ታስቦ አልነበረም፤ ልማዱ ግን ለዛሬም ይበጃል። በየክረምቱ ለዕረፍት ብቻ ከመመላለስ፥ ትምህርቱን እስኪፈጽም ቈይቶ ናፍቆቱን በስልክና በደብዳቤ ቢያስታግሥ ይሻላል። እናት ታማ ወይም ሰው ሞቶ የሚመጣ እንደ ሆነ ይህን የመሰለ ሒሳብ የሚያነሣበት ሰው ሊኖር አይገባም።

ከደረሰ በኋላ ያለውን ነገር በአንዲት ከተማ ምሳሌ መመልከት ይቀላል። ፍራይቡርግ በጀርመን ደቡብ ምዕራብ፥ «ጥቁር ደን» በሚባለው ተራራማ አገር ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1457 የተመሠረተ ነው። በአቅራቢያዋ ባለችው በቪል መንደር በአቶም ኀይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊቆም ሲል፥ በ1975 የወይን ገበሬዎችና ተማሪዎች ተባብረው ቦታውን ይዘው ተቀመጡ፤ ማመንጫውም ሳይሠራ ቀረ። የከተማዋ ሰው ስለ አየርና ስለ ውኃ ብዙ መናገሩ ከዚያ ወዲህ በርትቷል።

ቮባን የሚባለው ሰፈር እስከ 1992 የፈረንሳይ ጦር የነበረበት ነው። ጦሩ ሲወጣ የወታደሮቹ ቤት ሁሉ አልፈረሰም፤ አንዳንዱ ታድሶ የተማሪዎች ማደሪያ ሆነ። በዚያ ሰፈር መኪና ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን በዳር በተሠራው ማቆሚያ ትቶ ወደ ቤቱ በእግሩ ይገባል፤ ከ2006 ዠምሮም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም ይደርሰዋል። ለተማሪ ግን ከሁሉ የሚረክስለት ሌላ ሰው የነዳው ብስክሌት ነው። የፊትና የኋላ መብራት ከሌለው ፖሊስ መቀጫ ስለሚያስከፍል ከመግዛቱ በፊት ይህን ይመርምር።

እንግዳ ተማሪ ዘወትር የሚሳሳተው በክረምቱ ብርድ ነው። ብርዱ ሲጠናበት ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ቤቱ ሲታፈንበት ደግሞ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይተወዋል። እንዲህ ሲያደርግ የሚያሞቀው ጎዳናውን ነው። የአገሩ ሰው መስኮቱን ጥቂት ደቂቃ ወለል አድርጎ ከፍቶ መልሶ ይዘጋዋል፤ አየሩ ይለወጣል፥ ግድግዳው ግን ሙቀቱን እንደ ያዘ ይቀራል። የማሞቂያው ሒሳብ በብዙ ቤት በዓመቱ መጨረሻ ስለሚደርስ፥ ያላወቀ ሰው ለመጻሕፍት ያጠራቀመውን ገንዘብ ለዚህ ይከፍላል።

ጥራጊም በአንድ ዕቃ አይጣልም። ወረቀት ለብቻው፥ የምግብ ትራፊ ለብቻው፥ የዕቃ መጠቅለያ ለብቻው ይለያል። ጠርሙስ በመንገድ ዳር ወደ ቆመው ሣጥን በየቀለሙ ይጣላል፤ ጩኸቱ ጎረቤት ስለሚያውክ ግን በእሑድና በሌሊት ክልክል ነው። የሚጠጣ ነገር የያዘ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ሲገዛ 25 ሳንቲም መያዣ አብሮ ይከፈላል፤ ባዶውን ለሱቅ የመለሰ ገንዘቡን ይቀበላል። ይህ በሕግ የታዘዘው ከ2003 ዠምሮ ነው። የቧንቧው ውኃ ንጹሕ ስለ ሆነ ግን፥ ውኃን በፕላስቲክ ገዝቶ መጠጣት ለተማሪ ከንቱ ወጪ ነው።

አንድ ፈተና ደግሞ አለ። በኤውሮጳ ውስጥ የአይሮፕላን ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከባቡር ስለሚረክስ፥ ጓደኞቹ ለሁለት ቀን ሽርሽር ሩቅ ከተማ ይጠሩታል። አገር ማየት የትምህርት አንዱ ክፍል ነው፤ ነገር ግን ከፍራይቡርግ እስከ ስዊስ ከተማ እስከ ባዝል በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፥ ስትራስቡርግም ድንበር ተሻግራ በቅርብ ናት። በቅርብ ያለውን ሳያይ ወደ ሩቁ የሚበር ተማሪ መንገዱን እንጂ አገሩን አላየም።

ትምህርቱን ፈጽሞ ሊመለስ ሲነሣ ድስቱን፥ ብርድ ልብሱንና ብስክሌቱን ከጥራጊ ጋር አይጣል። በመስከረምና በጥቅምት አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች እነዚህን ዕቃዎች ስለሚፈልጉ፥ በዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ላይ አስታውቆ በርካሽ ይሸጥላቸው ወይም ይስጣቸው። ጓዙ ሲቀል ለመጻሕፍቱ ቦታ ያገኛል።