እርሳስ የሚመስል መስመር በብሌንደር

ከጳውሎስ ሆስፒታል በር ፊት ያለውን ግርግር በአኒሜሽን ለመሥራት የሚያስብ ሰው የሚሣለው አያጣም። ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ብቅ ብሎ ይጣራል፤ ጠያቂዎች ምሳ ዕቃና ፔርሙስ አንጠልጥለው ይገባሉ፤ ሊስትሮው ፀሐዩን እየሸሸ ቦታ ይለውጣል። ይህንኑ በኮምፒውተር እኩልና ልሙጥ መስመር ብትሠሩት የማስታወቂያ ሥራ ይሆንባችኋል። ቆሞ ያየ ሰው በችኮላ የነደፈው እንዲመስል ካሻችሁ መስመሩ እርሳስ መሆን አለበት።

ብዙዎች እርሳስ የሚመስል ብሩሽ ሲያገኙ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ለአንድ ቋሚ ሥዕል በእርግጥ ብሩሹ ይበቃል። ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ግን ዓይን የሚከተለው መስመሩ ከአንዱ ሥዕል ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደተለወጠ ነው። ዲዝኒ በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዳልሜሽያን ውሾች ፊልም የአኒሜተሮቹን እርሳስ በፎቶ ኮፒ ዘዴ በቀጥታ ወደ ሴሉሎይድ ሲያሳልፍ፣ ጃፓናዊው ኢሳኦ ታካሃታም በ2013 የልዕልት ካጉያን ታሪክ ሲሠራ፣ በሁለቱም ፊልሞች የእጅ ዱካ ሳይጠፋ ቀርቷል። እኛም ዘንድ የአዲስ አበባ ልጅ የሆነው ሠዓሊ እዝራ ውቤ በ2011 እ.ኤ.አ. ‹ሂሳብ› የተባለውን አጭር አኒሜሽኑን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ እየቀባ ነው። ፊልሙ የተነሣበትን የአህያዋን፣ የውሻውንና የፍየሏን የታክሲ ቀልድ ለሚያውቅ ሰው ማየቱ ሁለት ደስታ ነው። ቀለም ይሁን እንጂ የእጅ ለውጥ በፊልም ላይ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከዚያ ጀምሩ።

ፕሮግራሙ ብሌንደር ነው፤ ክፍያ አይጠይቅም። ግሪስ ፔንሲል የሚባለው የመሣያ ክፍሉ ከ4.3 ጀምሮ እንደ አዲስ ስለተጻፈ የቆዩ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ቦታ ከእናንተ ስክሪን ጋር ባይገጥም አትደናገጡ። አዲስ ፋይል በ‹ቱዲ አኒሜሽን› ክፈቱ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ፍሬም መሆኑን እዩ፣ ‹ፔንሲል› የሚለውን ብሩሽ ያዙ፣ ከውፍረቱና ከጥንካሬው ጎን ያለችውን የግፊት ምልክት አብሩ። በማውስ የምትሥሉ ከሆነ ግፊት የሚባል ነገር የለምና በኋላ ‹ቲክነስ› ሞዲፋየር ጨምራችሁ በከርቩ የመስመሩን ጫፎች አቅጥኑ።

ቀለሙን ጥቁር አታድርጉት። እርሳስ ጥቁር ሆኖ አያውቅም፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ውሰዱና ግልጽነት ስጡት። ከዚያ በማቴሪያሉ ውስጥ ‹ሰልፍ ኦቨርላፕ› የሚለውን አብሩ፤ መስመር በራሱ ላይ ሲያልፍ የሚጠቁረው በዚህ ነው። እጃችሁን የሚያስተካክለውን ‹ስታብላይዝ ስትሮክ› ደግሞ አጥፉት። እጅ ያለበት ሥራ ፈልጋችሁ እጁን የሚደብቅ መሣሪያ ማብራት ትርጉም የለውም።

አሁን አደገኛው ቦታ ላይ ደርሰናል። መስመሩ በየሥዕሉ በጥቂቱ እንዲለዋወጥ ‹ኖይዝ› የሚባል ሞዲፋየር ይጨመራል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሲጨምሩት ወዲያው ለውጥ ያመጣል፣ ያስደስታልም፣ ተመልካች ግን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኑ ይደክማል። ሁሉም ነገር እንደተነካ የንብ ቀፎ ይርመሰመሳል። ስለዚህ በዝግታ እንሂድ።

መጀመሪያ ‹ፖዚሽን› የሚለውን ቁጥር ሲጨመር ከመጣበት ወደ አንድ አምስተኛው አውርዱት። ‹ኖይዝ ስኬል›ንም ዝቅ አድርጉ፤ የሰው እጅ መስመሩን በሰፊው ያወላግደዋል እንጂ እንደ መጋዝ ጥርስ አያደርገውም። በምትኩ ‹ስትሬንግዝ›ንና ‹ቲክነስ›ን ጥቂት ከፍ አድርጉ። እርሳስን እርሳስ የሚያሰኘው በመንገዱ ላይ መፍዘዙና መድመቁ ነው፤ ከቦታው መዝለሉ ሁለተኛ ነገር ነው።

ቀጥሎ ‹ስቴፕ›፣ ማለትም ለውጡ በየስንት ፍሬሙ ይሁን የሚለው። 1 ካደረጋችሁት መስመሩ በሰከንድ 24 ጊዜ ይለወጣል፤ በእጅ የተሠሩ አኒሜሽኖች እንኳ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለ2 ፍሬም ስለሚያቆዩ በሰከንድ 12 ሥዕል ነው ያላቸው። 3 ደግሞ መካከለኛ መስሎ ያታልላል። ገጸ ባሕሪውን በየ2 ፍሬሙ እየሣላችሁ ኖይዙ በየ3ቱ ከተለወጠ ሁለቱ አይገናኙም፤ አንዳንዴ አብረው ይለወጣሉ፣ አንዳንዴ ተከታትለው፣ ምቱ ይሰበራል። ተመልካቹ ስህተቱ የት እንዳለ ባያውቅም ይሰማዋል። በየ2 ፍሬሙ የምትሥሉ ከሆነ 4 ስጡት፤ በሰከንድ 6 ለውጥ ይበቃል። ወይም ‹ኪፍሬምስ› የሚለውን ምረጡ፣ ያኔ ኖይዙ እናንተ አዲስ ሥዕል ባስገባችሁ ቁጥር ብቻ ይለወጣል። ይኼኛው ንጹሕ ነው፣ ነገር ግን ገጸ ባሕሪው ቆሞ ሲጠብቅ አዲስ ሥዕል ስለሌለ መስመሩ ጨርሶ ይደርቃል፣ ከሚራመደው ረዳት አጠገብ የቆመችው ሴት ፎቶ ትመስላለች።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ፊት ነው። ዓይንና አፍን በሌላ ሌየር ሣሉ፤ በሞዲፋየሩ ‹ኢንፍሉዌንስ› ውስጥ ያንን ሌየር ምረጡና ማጣሪያውን ገልብጡት፣ ኖይዙ እንዳይነካው። የካፖርት ጠርዝ ቢንቀሳቀስ ሕይወት ይሰጣል፤ የዓይን ብሌን ቢንቀሳቀስ ግን ታማሚዋን ልትጠይቅ የመጣችውን እናት በሽተኛ ያደርጋታል። እዚያው ‹ከስተም ከርቭ› አለ፤ በእርሱ ኖይዙን በመስመሩ መነሻ ትንሽ፣ ወደ መጨረሻው ሲሄድ በዛ ያለ አድርጉት። እጅ ሲነሳ የሚሄድበትን ያውቃል፤ የሚስተው ሲጨርስ ነው።

ይህን ሁሉ ብያችሁ፣ እኔ ራሴ ለቆመ ሰው ኖይዝ አልጠቀምም። ያንኑ ሥዕል 3 ጊዜ በእጄ ደግሜ እነድፈዋለሁ፣ እያንዳንዱን ለ4 ፍሬም አቆያለሁ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያልኩ አዞራለሁ። ሞዲፋየሩ የትኛው መስመር ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ አያውቅም፤ የነጠላን እጥፋትና የጫማን ሶል እኩል ያወዛውዛል። እጅ ግን ነጠላው ላይ ይለዋወጣል፣ ሶሉ ላይ ይጸናል። 3 ሥዕል ብዙ ሥራ አይደለም። ሰነፍ ከሆናችሁ ‹መልቲፕል ስትሮክስ› የሚለው ሞዲፋየር መስመሩን ደርቦ የመፈለጊያ ንድፍ ያስመስለዋል፤ ቅጂውን ከ2 አታሳልፉ፣ ርቀቱንም አጥብቡ።

ለኋላው ቤትና አጥር በ3ዲ ሠርታችሁ ‹ላይን አርት› መስመሩን ራሱ እንዲያወጣው ማድረግ ትችላላችሁ። ካሜራ ከሌለ ምንም አይወጣም። ቆርቆሮ ጣሪያን ግን ሞገዱን ሞዴል አታድርጉት፤ እያንዳንዱ እጥፋት መስመር ሆኖ ጣሪያው ይጠቁራል። ጠፍጣፋ አድርጉትና አምስት ስድስት መስመር በእጅ ጫሩበት፣ ሌላውን ዓይን ይሞላዋል።

ወረቀት። ከስር የወረቀት ፎቶ ‹መልቲፕላይ› ተደርጎ ይነጠፋል፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ግን በእውነተኛ የወረቀት አኒሜሽን እያንዳንዱ ሥዕል በሌላ ወረቀት ላይ መሆኑ ነው። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሥዕሉ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የወረቀቱ ሸካራነት መስታወት ላይ የቀረ ቆሻሻ ይመስላል። 3 ወረቀት በጥላ ቦታ ፎቶ አንሡ፣ እያንዳንዱን በተከታታይ ቁጥር 4 ጊዜ ኮፒ አድርጋችሁ 12 ፋይል ይሁን፣ በኮምፖዚተሩ እንደ ምስል ተከታታይ አስገቡና ‹ሳይክሊክ›ን አብሩ። ወረቀቱ ከመስመሩ ጋር በአንድ ምት ይለወጣል።

ሬንደር ስታደርጉ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡ። መብራት የሚሄድበት ሰዓት አይታወቅም፤ ቪዲዮው ሳያልቅ ከተቋረጠ ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። በፒኤንጂ ምስሎች አውጡ፣ ‹ኦቨርራይት›ን አጥፉ፣ ‹ፕሌስሆልደርስ›ንም አታብሩ፤ ባዶ ፋይል እየተወ ያለፈ ያስመስለዋል። መብራቱ ሲመለስ የመጨረሻውን ምስል ሰርዙት፣ ግማሹ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ሬንደሩን እንደገና አስጀምሩት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ምስሎቹን ወደ ቪዲዮ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

በቴሌግራም ለሰው ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚበላው የእርሳሱ ሸካራነትና ቀጭኑ መስመር ነው። ዩቲዩብም ይጨምቃል፣ እዚያ ምርጫ የለንም፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ሬንደር በፊት 5 ሰከንድ ብቻ አውጥታችሁ፣ ለሕዝብ በማይታይ መልኩ ጫኑትና በስልክ እዩት። መስመሩ ከጠፋ ብሩሹን አወፍሩ፣ ኖይዙን አትንኩት።