ለድመት የሚሰጥ ጉርሻ

ገበታ ሲቀርብ ድመት ከመሶቡ ሥር መጥታ ቁጭ ትላለች። አንዱ ልጅ እንጀራ ከወጡ አጥቅሶ ይጥልላታል፤ እናት ከሥጋው ቆርሳ ታቀምሳታለች፤ አባትም የጋጠውን አጥንት ይወረውርላታል። ይህ ሁሉ ከርኅራኄ የሚደረግ ነው፤ ድመትም አይጥ እያጠፋች እህላችንን ስለምትጠብቅ ድርሻዋ ነው ቢባል አያስነቅፍም። ነገር ግን ከሰው ገበታ ከሚነሣው ምግብ ለድመት የሚስማማ አለ፤ የሚጎዳትም አለ፤ አንዳንዱም በእርሷ በኩል ዞሮ የቤተ ሰቡን ጤና የሚነካ ነው። በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ለመምህራንና ለቤት ባለቤቶች ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል መሆኗ ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራው ከሥጋና ከዓሣ ልታገኘው ግድ ይሆናል፤ ከእንጀራና ከሽሮ አታገኘውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ይህ ንጥረ ነገር የጎደለባት ድመት የዓይኗ ብርሃን እንደሚጠፋ፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የልቧ ጡንቻ እንደሚደክም ሊቃውንት ገልጸዋል። ስለዚህ ሽሮ ፍትፍት ብቻ እየተሰጣት የምትኖር ድመት ሆዷ ቢሞላም ሰውነቷ ተርቧል። ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም፤ የጠገበችም ድመት ታድናለች።

ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚታየው በጾም ወራት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ በጿሚ ቤት የሥጋ ድስት አይጣድም፤ ድመቲቱም ሳትወድ ትጾማለች። ጾም ለሰው የተሠራ ሥርዓት እንጂ ለእንስሳ አይደለምና፣ በእነዚህ ቀኖች የተቀቀለ ዕንቁላል ወይም የበሰለ ዓሣ በተለየ ዕቃ አዘጋጅቶ መስጠት የቤቱን ጾም አያፈርስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእኛ አገር ወጥ ውስጥ ለድመት ከሁሉ የሚከፋው በርበሬው ይመስለን ይሆናል። በርበሬ አፏንና ሆዷን ያቃጥላታል እንጂ ዋናው ጠላቷ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትም ጭምር፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርስ ነገር በውስጣቸው አለ። መቀቀልም ሆነ መጥበስ፣ አድርቆ መፍጨትም ቢሆን ይህን ጉዳት አያስወግደውም። ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 5 ግራም ያህል ሽንኩርት የድመትን ደም ለመጉዳት ሊበቃ ይችላል፤ እንግዲህ 4 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ድመት 20 ግራም መሆኑ ነው፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እጅግ ያነሰ ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚፈጅ ለባለሙያ እናቶች መንገር አያሻንም። ከዚህም በላይ ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ያሳስታል። ድመቲቱ ዛሬ ወጡን በልታ ደኅና መስላ ትውላለች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ትደክማለች፣ ድዷ ይገረጣል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ ያለፈውን እራት የሚያስታውስ የለም።

ሥጋውን በውኃ ማለቅለቅም አያስተማምንም። ነጥር ቅቤ እንኳ ብዙ ጊዜ ሽንኩርት ገብቶበት የሚነጠር ነው። የሚሻለው መንገድ ወጡ ከመሠራቱ በፊት ጥቂት ሥጋ ለይቶ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም በንጹሕ ውኃ ቀቅሎ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሥራ የሚጠይቀው አንዲት ትንሽ ድስት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ጥሬ ሥጋ ነው፤ በዚህ ረገድ የሚጎዳው ሰው ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ በጥሬ ሥጋና በአይጥ ሥጋ ውስጥ ይገኛል። ድመት ይህን በልታ ስትያዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ፣ የተሕዋሱን ዘር በዓይነ ምድሯ ታወጣለች። ዘሩ ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ውስጥ ሌላውን ለመያዝ ይደርሳል፤ በእርጥብ አፈርም ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ጤነኛ ሰው በዚህ ተሕዋስ ቢያዝ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ፅንሱ ሊጨናገፍ፣ ወይም የሚወለደው ሕፃን በዓይኑና በአንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለድመት የሚሰጠው ሥጋ መሐሉ ቅላት እስኪያጣ ድረስ ይቀቀል። ዓይነ ምድሯም በየቀኑ ተነሥቶ ይቀበር፤ ይህን ሥራ ነፍሰ ጡር ሴት አትሥራው። በግቢ የተከመረ የግንባታ አሸዋ ካለ ይሸፈን፤ ድመት የምትወደው ልጆችም የሚጫወቱበት ስፍራ ነውና። በነገራችን ላይ፣ ይኸው ተሕዋስ ድመት ሳያሻው በክትፎና በቁርጥ፣ ባልታጠበም ቅጠላ ቅጠል በኩል በቀጥታ ወደ ሰው ይገባል፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ ጥፋቱን በድመት ላይ ብቻ እንዳይጥል።

የተቀቀለ የበሬ፣ የበግና የዶሮ ሥጋ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ እሾኹ የወጣለት የበሰለ ዓሣ ለድመት ይስማሟታል። የተቀቀለ ዱባ፣ ካሮትና ሩዝም በጥቂቱ ቢሰጣት አይጎዳትም። ጉበት ትወዳለች፤ ቢሆንም በየቀኑ ከተሰጣት በውስጡ የበዛው ቫይታሚን ኤ አጥንቷን ስለሚያበላሽ አልፎ አልፎ ብቻ ይሁን። ወተት የድመት ምግብ ነው የሚለው አባባል የቆየ ነው፤ ሆኖም ጡት ከጣሉ ድመቶች ብዙዎቹ ወተት አይስማማቸውም፣ ያስቀምጣቸዋል። ንጹሕ ውኃ ይበቃቸዋል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አይጣልላት። ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ በሆዷ ውስጥ እየቦካ ስለሚነፋ፣ ቡናና ቸኮላት ልቧን ስለሚያውኩ፣ ዘቢብም ኩላሊት ይጎዳል ተብሎ ስለሚያሠጋ ከእርሷ ይራቁ። ጣፋጭ ነገር ለድመት የሚሰጡ ልጆች ደግሞ ስጦታቸው ከንቱ መሆኑን ይወቁ፤ ድመት የስኳርን ጣዕም አትለይም። መምህራን ይህን በክፍል ቢናገሩ ተማሪዎች የሚደነቁ ይመስለናል።

የድመቲቱ ሳሕን ከቤተ ሰቡ ዕቃ የተለየ ይሁን፤ የሚታጠብበትም ጨርቅ እንዲሁ። የተረፋት ምግብ ዝንብ ሳይወርሰው ይነሣ። ያጎረሳት ልጅም እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ገበታ አይመለስ።

ድመቲቱ ከታመመች ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ፓራሲታሞል ፈጭቶ በወተት ማጠጣት ግን አይደረግም፤ የሰውን ራስ ምታት የሚያስታግሰው አንዱ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ጉበቷ መድኃኒቱን የሚያስወግድበት ኃይል የለውምና።