በስካር መኪና ነድቶ ሰው የገደለ በሕግ ፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተለው ጥያቄ ላይ በቃል ተወያዩ፡፡ አንድ ሰው ሰክሮ የሚሠራውን ሳያውቅ ጥፋት ቢያደርስ፣ «ራሴን አላውቅም ነበር» ማለቱ ከቅጣት ያድነዋልን?

አንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ እህል ጭኖ ወደ ከተማ ሲጓዝ መሸበት እንበል፡፡ በመንገዱ ላይ ካለች አነስተኛ ከተማ ቆሞ ጠጅ ቤት ገባ፡፡ አንድ ብርሌ አዘዘ፤ አንዱ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው አምስተኛውን ጠራ፡፡ የመኪናው ቁልፍ ከኪሱ ነበር፡፡ የቤቱ ባለቤት «ወንድሜ፣ ዛሬ እዚሁ እደር» ብትለው፣ «መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ» ብሎ ተነሣ፡፡ ከከተማዋ ወጥቶ ጥቂት እንደ ነዳ፣ ከገበያ ሲመለስ የነበረ አንድ ገበሬ ገጭቶ ገደለ፡፡ ሟቹ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ እግረኛውም፣ አህያውም፣ መኪናውም በአንድ አስፋልት በሚጋፉበት አገር ከዚያ የተሻለ መሄጃ አልነበረውም፡፡

አሽከርካሪው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሁለት ዓይነት መከራከሪያ ሊያቀርብ ይችላል፡፡ የመጀመሪያው «ሰክሬ ስለ ነበር የማደርገውን አላውቅም» የሚል ነው፡፡ በእርግጥ ሕግ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚሠራውን ለይቶ ማወቅ የተሳነውን ሰው አይቀጣም፡፡ ሰካራሙ ግን አእምሮውን የጋረደው በገዛ እጁ ነው፡፡ ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 50፣ በራሱ ጥፋት ራሱን ለስካር የዳረገና በዚያ ሁኔታ ወንጀል ሊፈጽም እንደሚችል ያወቀ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ ሰው በቸልተኝነት እንዲጠየቅ ያዛል፡፡ ዳኛው ግጭቱ የደረሰበትን ቅጽበት ብቻ አይመለከትም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ጠጅ ቤቱን ይመረምራል፡፡ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ብርሌውን ሲያነሣ አሽከርካሪው ጤነኛ አእምሮ ነበረውና፡፡

ሁለተኛው መከራከሪያ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ቀመስኩ እንጂ አልሰከርኩም» ይላል፡፡ ይህም ብዙ አያራምደውም፡፡ በሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት፣ እንደ አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፡፡ ነገር ግን ራሱን በአልኮል አስክሮ ከሆነ፣ ወይም ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይሆናል፡፡ ጠጥቶ መንዳትን የሚከለክለው የትራፊክ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፡፡ እንግዲህ ከአንደኛው በር ያመለጠው በሌላኛው ይያዛል፡፡ ስካር ቅጣትን የሚያቀልል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ አንቀጽ ግን የሚያከብድ ሆኖ እናገኘዋለን፡፡

ታዲያ እንደ ተራ ነፍሰ ገዳይ ለምን አይቆጠርም? ሆን ብሎ መግደል ሞትን መፈለግን፣ ወይም ሞት ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ማድረግን ይጠይቃል፡፡ ቸልተኛ ግን አደጋውን እያየ «አይደርስም» ብሎ የሚተማመን፣ ወይም ማየት የሚገባውን ያላየ ነው፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር እጅግ ቀጭን ነው፤ «ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ» ያለው አሽከርካሪ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም እናንተው መርምሩ፡፡

የወንጀሉ ጉዳይ በእሥራት ቢያልቅም የሟቹ ቤት አልተዘጋም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟቹ ይረዳቸው ለነበሩት ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹና ለወላጆቹ ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል፡፡ ካሳው ከአሽከርካሪው ብቻ አይጠየቅም፤ በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት፣ በዚያች ሌሊት በቤቱ ተኝቶ የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፡፡ መኪናው ተሰርቆ እንደ ነበር ካስረዳ ብቻ ይድናል፡፡ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በዚያው ሕግ ተወስኗል፡፡ ያ ገንዘብ በጊዜው ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ለልቅሶው ድንኳን ኪራይ እንኳ መብቃቱ ያጠራጥራል፡፡

በብዙ አካባቢዎች ሽማግሌዎች ገብተው የገዳይንና የሟችን ወገን ያስታርቃሉ፤ ጉማም ይከፈላል፡፡ እርቁ ቂምን ያበርዳል፤ የሟቹንም ቤተሰብ ከችግር ይታደጋል፡፡ ሆኖም ሰው መግደል በግል አቤቱታ ላይ ብቻ የሚመሠረት ወንጀል ስላልሆነ፣ የሟቹ ወገኖች «ይቅር ብለናል» ቢሉም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል፡፡ ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተና የካሰ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል እንጂ ክሱ አይቀርለትም፡፡

መልመጃ

ሀ. ዳኛው «ወደ ኋላ ተመልሶ ጠጅ ቤቱን ይመረምራል» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

ለ. «ቀላል እሥራት»፣ «ጽኑ እሥራት»፣ «መቀጮ» እና «ካሳ» የሚሉትን ቃላት በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር አስገቡ፡፡ መቀጮና ካሳ ለማን ለማን እንደሚከፈሉም ለዩ፡፡

ሐ. በቤቱ ተኝቶ የነበረው የመኪናው ባለቤት ካሳ እንዲከፍል መደረጉ ተገቢ ነውን? ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ፡፡