ያልፈለግከውንም ዓሣ አክብር

ስማኝ ወንድሜ፣ ዘንግህን ከመወርወርህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ ሚኒሶታ አብረውህ ሐይቅ የሚወርዱት ልጆች ልባቸው ዎልአይ የሚባለው ዓሣ ላይ ነው። ፓይክ የሚባለው ሌላ ዓሣ ሲወጣላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ መንጠቆውን መንጭቀው ያወጡና ዓሣውን ሣር ላይ ይወረውሩታል። ይህን ልማድ ከእነሱ እንዳትወስድ። ዓሣው አልበደለህም፤ ቤቱ ድረስ የመጣኸው አንተ ነህ።

ፓይክ የሐይቁ አዳኝ ነው። አረንጓዴ ገላው ላይ ያሉት ፈዛዛ ነጠብጣቦች ከውኃው ሣር ጋር ያመሳስሉታል፤ አድፍጦ ይጠብቅና ትንሽ ዓሣ ሲያልፍ ይወረወርበታል። በረዶው እንደቀለጠ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ወጥቶ እንቁላሉን ሣር ላይ ይጥላል። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ሰው እነሱን እየመረጠ ሲወስድ ሐይቁ በትንንሾች ይሞላል፤ ከዚያ ደግሞ ያው ሰው «ይሄ ሐይቅ ረብ የለውም» ይላል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በግዛቱ ሰሜን መካከለኛው ዞን በቀን እስከ 10 ፓይክ መውሰድ ሲፈቀድ፣ ከ22 እስከ 26 ኢንች ያለው ሁሉ ግን እንዲመለስ የታዘዘው። ከ26 ኢንች በላይ የሆነውም ከ2 አይበልጥም። ትንሹን ብላ፣ በማደግ ላይ ያለውን ተወው ማለት ነው። በየዞኑና በየሐይቁ ደንቡ ስለሚለያይ የዓመቱን መመሪያ ሳታነብ አትውጣ።

አሁን እጅህን ልይ። ክሩ ጫፍ ላይ ቀጭን ሽቦ እሰር፤ ጥርሱ ክር ይበጥሳል፣ ከተበጠሰም መንጠቆው አፉ ውስጥ ይቀራል። አፈ ረጅም ፒንሳ ከጎንህ አይጥፋ። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳው ጨፍልቀው፣ ሲወጣ ሥጋ አይቀድም። ዓሣውን ከመረቡ ሳታወጣ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ንቀልለት። እጅህን አርጥብ፤ ዓይኑን ጨምቀህ አትያዝ፣ ቀዩን ስንጥብ አትንካ። ፎቶ ካማረህ አንድ እጅህን ከሆዱ ሥር አድርገህ አጋድመህ ያዘው፣ ቶሎም መልሰው። በራሱ ኃይል እስኪዋኝ ድረስ ውኃው ውስጥ ደግፈው። በሐምሌ ውኃው ሲሞቅ ትልቅ ፓይክ ቶሎ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ባታጠምደው ይሻላል።

የምትበላውን ግን ሳታፍር ብላ። ሥጋው ውስጥ ባላ እሾህ አለ፤ ጥብስም ጉላሽም ከማድረግህ በፊት በቢላ ለይተህ አውጣው።

ይህ አክብሮት ለፓይክ ብቻ አይደለም። ቅርፊት የለውም ብለህ አምባዛ ባትበላ እምነትህ ነው፣ ማንም አይነካህም። አልበላውም ብለህ ዳር ላይ ጥለኸው ብትሄድ ግን ግፍ ነው፤ ሕጉም ይከለክላል። ብዙዎች እንደ ቆሻሻ የሚቆጥሩት ቢግማውዝ ቡፋሎ የሚባል ዓሣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት 112 ዓመት የኖረ አግኝቷል። ከአያታችን የሚበልጥ ዕድሜ ያለውን ፍጥረት በአንድ ምሽት ንዴት መጣል ምን ይባላል?

አጥማጁንም እንዲሁ አክብር። ጎንህ ያለው ሽማግሌ ካርፕ ቢፈልግ፣ ሕፃኑ በመዳፉ በምትያዝ ዓሣ ቢፈነድቅ አትሳቅባቸው። ክርህን በክራቸው ላይ አትወርውር። እንዴት እንደያዙ ጠይቃቸው፤ አንተ የማታውቀውን የሐይቁን ጠባይ እነሱ ያውቁታል።

እንግዲህ አደራ፦ ለማዕድህ የሚበቃህን ውሰድ፣ የቀረውን በሕይወት መልስ። ልጆቹ ሲስቁብህም መመለስህን አትተው። ነገ እዚያው ሐይቅ ላይ የሚያጠምዱት የአንተ ልጆች ናቸው።