ቀሪቦና ኮምቡቻ፦ «አልኮል የለውም» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንደሚታወቀው በጊዳ አያናም ሆነ በነቀምቴ ሠርግ ወይም ሌላ ድግስ ሲኖር መጠጡ በሁለት ወገን ይሰናዳል። በአንድ ወገን ፋርሶው ወይም ጠላው፣ ካለም ጠጁ ይቀመጣል። በሌላው ወገን አልኮል ለማይቀምሱት ተብሎ ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይቀርባል። በወለጋ ከተሞች በሃይማኖታቸው ምክንያት አልኮል የማይጠጡ ቤተሰቦች፣ ሙስሊሞችም ወንጌላውያንም፣ ብዙ ናቸው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ ቀሪቦ የምትሸጥ ሴት ከመጠጡ ጋር ቃልም ትሸጣለች። «አዴ፣ ይኼ ነገር አልኮል አለው እንዴ?» ሲሏት «ኧረ የለውም፣ ቀሪቦ እኮ ነው!» ትላለች። ይህ ቃል እስከ ምን ድረስ እውነት እንደሆነ አስረድቶ መናገር የሳይንስ መምህር ሥራ ነው ብለን ስለምናምን የዛሬውን ትምህርታችንን በዚሁ ላይ አድርገናል።

ነገሩን ያነሣንበት ሌላም ምክንያት አለ። ኮምቡቻ ስለሚባለው የሻይ መጠጥ በስልካቸው አይተው «እዚህስ ሠርተን ብንሸጠው?» የሚሉ ሠልጣኞች አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ሆኖም ኮምቡቻን ከማወቃችን በፊት በደጃችን ያለውን ቀሪቦ ብንመረምር ይሻላል፤ ሁለቱ መጠጦች የሚያመሳስላቸውም የሚለያያቸውም ነገር አለና።

ቀሪቦ የሚሠራው ከገብስ ነው። ገብሱ እንደ ቡና እስኪጠቁር ድረስ ይቆላል፣ በውሃ ይፈላል፣ ጥቁሩ ውሃ በጨርቅ ይጠለላል። ሲበርድ ስኳርና የዳቦ እርሾ ይገባበታል፣ ዕቃው ተከድኖ ያድራል። በማግስቱ ሲቀርብ እንደየሰዉ ምርጫ ተጨማሪ ስኳር ይደረግበታል። ጌሾ አይገባበትም። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነጥብ ልብ በሉ፦ ብቅልም አይገባበትም። ጠላ ሲጠመቅ የገብሱን ወይም የስንዴውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው። ቀሪቦ ውስጥ ያለው ገብስ ግን ያልበቀለ፣ በዚያ ላይ እስኪያር የተቆላ ስለሆነ ቀለምና ጣዕም እንጂ ይኸ ነው የሚባል ስኳር አይሰጥም። ስለሆነም እርሾው የሚበላው በአብዛኛው ሴትየዋ በማንኪያ የጨመረችውን ስኳር ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ልኩ በእጇ ነው ማለት ነውና። (ብቅል የሚጨምር ቤት ካለ ሂሳቡ ይለወጣል።) እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በጅማ በኩል በቀሪቦ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መጠጡ ውስጥ ከእርሾው ሌላ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም በብዛት ይኖራሉ። ቀሪቦ ሲቆይ የሚመጣው ጎምዛዛነት የእነዚህ ሥራ ነው።

ኮምቡቻ ደግሞ የተጀመረው በሰሜን ምሥራቅ ቻይና እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወደ ሩሲያ ተሻግሮ «የሻይ እንጉዳይ» የሚል ስም አገኘ። ስሙ ግን አሳሳች ነው፤ እንጉዳይ አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሻይ ይፈላል፣ በአንድ ሊትር ከ50 እስከ 100 ግራም ስኳር ይገባበታል፣ ይበርዳል፣ ከዚያ ከቀድሞው ኮምቡቻ ላይ ከአሥር አንድ ያህሉ ይጨመርበትና አፉ በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቀመጣል። በላዩ ላይ ወተት ሲፈላ እንደሚወጣው ስልባቦት ያለ፣ ነገር ግን ወፈር ያለ ነጣ ያለ ነገር ይጋገርበታል። ይህ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ሴሉሎስ ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ተቀናጅተዋል። እርሾው ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል፤ ባክቴሪያዎቹ አልኮሉን ከአየር ኦክስጅን እየወሰዱ ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል።

የሁለቱ መጠጦች ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ኮምቡቻ የሚሸፈነው በጨርቅ ስለሆነ አየር ያገኛል፣ ስለዚህ አልኮሉ ከተሠራ በኋላ መልሶ ይበላል። ቀሪቦ ግን በተከደነ ጀሪካን ውስጥ ስለሚያድር የተሠራው አልኮል እዚያው ይቀራል። ኮምቡቻም ቢሆን ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ከታሸገ በኋላ የቀረው ስኳር መብላላቱን አይተውም፣ አየር ስለሌለም አልኮሉ ይከማቻል። በአሜሪካ ከመቶ 0.5 ያልደረሰ አልኮል ያለበት መጠጥ እንደ አልኮል መጠጥ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን አንዳንድ የታሸጉ ኮምቡቻዎች ከዚህ ልክ አልፈው ስለተገኙ ከመደብሮች እንዲነሡ ተደርጓል። ባለ ፋብሪካዎቹን ያሳሳተ ነገር የቤት ባልትና ያላትን ሴት ቢያሳስት አይገርምም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። 10 ግራም ስኳር፣ ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ፣ ሙሉ በሙሉ ቢብላላ 5 ግራም ያህል አልኮል ይወጣዋል። የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። 5 ግራም አልኮል በይዘት 6 ሚሊ ሊትር ግድም ነው። ይህ በአንድ ሊትር ውስጥ ሲሆን ከመቶ 0.6 ነው፤ ከላይ የጠቀስነውን ልክ አለፈ ማለት ነው። ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ኪሎ ስኳር ቢገባበትስ? በሊትር 50 ግራም ይደርሰዋል። ሁሉም ቢብላላ ከመቶ 3 ይሆናል፣ ይህም ከቀጭን ጠላ አይርቅም። እርግጥ በአንድ ሌሊት ሁሉም አይብላላም፣ ቀሪቦው በማግስቱ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ጣፋጭነቱ የቀነሰ ቀሪቦ ስኳሩ የትም አልሄደም፤ አልኮልና አሲድ ሆኗል። ያን ጊዜ «ጣዕሙ ይመለስ» ተብሎ እንደገና ስኳር ሲጨመርበት ለእርሾው ሁለተኛ ምሳ ቀረበለት ማለት ነው።

ሙቀትም አለ። ከጊዳ አያና ከተማ ወደ አንገር ሸለቆ፣ ወደ ጉትን ሲወረድ ቆላው እየጠነከረ ይሄዳል። እርሾ በሙቀት ይፈጥናል። ስለሆነም ደጋ ላይ አንድ ሌሊት የሚፈልገው ቀሪቦ ቆላ ላይ ከሰዓት በኋላ ተዘጋጅቶ ማታውኑ ሊደርስ ይችላል። እዚያው ሲያድር አልፎበታል። «እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው» የሚለው ልምድ እናቲቱ ለነበረችበት አየር ትክክል ነው፣ ቦታ ሲለወጥ ግን ሰዓቱም መለወጥ አለበት። የኮምቡቻም 7 እና 14 ቀን የሚለው ልዩነት በአብዛኛው የሙቀት ልዩነት ነው።

ስለ ጤና የሚባለውን እንመልከት። ኮምቡቻ ካንሰርን፣ ስኳርን፣ የደም ግፊትን ያድናል ሲባል እንሰማለን። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶችን የፈለገ አንድ ምርመራ እነዚህን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በ12 የስኳር ሕመምተኞች ላይ በተሞከረ ጥናት ለ4 ሳምንት ኮምቡቻ የጠጡ ሰዎች የጾም ደም ስኳራቸው ቀንሶ ታይቷል። ተስፋ ይሰጣል፣ ነገር ግን 12 ሰው ከአንድ የክፍላችን ረድፍ አይበልጥም፤ በዚህ ተነሥቶ ሕመምተኛን መድኃኒትህን ተው ማለት ወንጀል ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት በየቀኑ ኮምቡቻ ይጠጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች በጽኑ ታመው አንዷ ሞተዋል። መንስኤው መጠጡ ለመሆኑ ማረጋገጫ አልተገኘም፣ ጥንቃቄ እንዲደረግ ግን ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች፣ ትንንሽ ልጆችና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች በቤት የተሠራ ኮምቡቻ ባይጠጡ ይመረጣል። ቀሪቦም ቢሆን መድኃኒት ተብሎ መሸጥ የለበትም። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ያው የስኳር ውሃ ነው። ጥማት ይቆርጣል፣ ይጣፍጣል፣ ድግስ ያደምቃል፤ ይህ አይበቃም እንዴ?

ንጽሕናን በሚመለከት፣ የገብሱ ውሃ ስለሚፈላ ጅምሩ ደህና ነው። አደጋው የሚገባው ከበረደ በኋላ፣ በእጅ፣ በጨርቅ፣ በማማሰያና «በጣም ወፈረ» ተብሎ በሚጨመር ጥሬ ውሃ ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ውሃ ፈልቶ የበረደ ይሁን። ዕቃን በግራዋ ማጠብ ጥሩ ልማድ ነው፣ ሽታና ቆሻሻ ያነሣል፤ የፈላ ውሃን ግን አይተካም። ጀሪካን ደግሞ እጅ ወደ ውስጥ ስለማይገባበት ጠርዙ ላይ ዝቃጭ ይጋገራል፣ አፈ ሰፊ ባልዲ ይሻላል። ጋዝ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን በምንም ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ኮምቡቻ አሲዱ ስለሚበረታ በብርጭቆ ዕቃ እንጂ በአልሙኒየም ወይም በቀለም በተለበጠ ሸክላ አይቀመጥም። በአውስትራሊያ በእንዲህ ያለ ሸክላ ተቀምጦ ሰዎች በእርሳስ የተመረዙበት ጊዜ አለ።

ንግዱስ ያዋጣል? በእኛ አስተያየት በጊዳ አያና መጀመር የሚገባው በቀሪቦ ነው። ሻዩስ ከኢሉባቦር ከጉማሮ ይመጣል እንበል፤ ነገር ግን ኮምቡቻን የማያውቅ ገዢ አንድ ጊዜ ቀምሶ «ይኼማ ኮምጣጤ ነው» ብሎ ይሄዳል። ቀሪቦ ገዢው ራሱ ጠይቆት የሚመጣ ነው። 20 ሊትር ቀሪቦ በሩብ ሊትር ብርጭቆ 80 ብርጭቆ ነው። 8ቱ በዝቃጭና በቅምሻ ቢሄድ 72 ይቀራል። የገብሱ፣ የስኳሩ፣ የእርሾው፣ የማገዶው፣ የውሃውና የራሷ የጉልበት ዋጋ ተደምሮ የ52 ብርጭቆ ሽያጭ ቢያህል ትርፏ 20 ብርጭቆ ነው። (ጉልበት እንዳይረሳ! ባልትና ስለሆነ ብቻ በነፃ የሚቆጠር ብዙ ሥራ አለ።) እንግዲህ 10 ብርጭቆ ሳይሸጥ ቢያድር የትርፉ ግማሽ አብሮ አደረ። የትናንቱን በስኳር አድሶ ለመሸጥ የሚገፋፋው ይኸው ነው። እዚህ ላይ የምትፈርድ ሴት ክፉ ሆና አይደለም፣ ሂሳቡ አስጨንቋት ነው። መውጫው ግን አለ። ከገበያ ቀን በስተቀር ትንሽ ትንሽ መሥራት፣ ለድግስ በትእዛዝ ብቻ ማዘጋጀት፣ ለማብላላት የሚገባውን ስኳር በሊትር ከ5 ግራም እንዳይበልጥ አድርጎ ማጣፈጫውን ብርጭቆው ላይ መጨመር። 5 ግራም ስኳር ሁሉም ቢብላላ ከመቶ 0.3 ግድም ነው። ባልዲው ላይ የተሠራበት ቀንና ሰዓት ቢጻፍ ደግሞ ገዢው ራሱ ያያል። ያለፈበት ቀሪቦ ፋርሶ ለሚጠጣ ጎልማሳ እውነቱ ተነግሮት ሊሰጠው ይችላል፣ ለተማሪ ግን አይሸጥም። አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው።

ይህን ለተማሪዎቻችሁ ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሦስት ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃና አንድ ቁንጥር የዳቦ እርሾ ጨምሩ። በመጀመሪያው ስኳር አታድርጉበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አድርጉ። በሦስቱም አፍ ላይ ፊኛ እሰሩ። ሦስተኛውን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ፣ ሌሎቹን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። በየግማሽ ሰዓቱ የፊኛውን ዙሪያ በክር እየለኩ ይመዝግቡ። ቀጥሎ ጠይቋቸው፦ ፊኛው ውስጥ ያለው አየር ከምን መጣ? አብሮት በክብደት ከሞላ ጎደል እኩል የሆነ ሌላ ነገር ተሠርቷል፣ እርሱስ የት አለ? መልሱን ሲያገኙት ጠርሙሱን አትስጧቸው፤ ይደፋል።